የጀመዓው አድራሻ አማና ነው



ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። እንደ ልማዳችን በየመስጂዱና በየመድረሳው ደብተር መዞር ይጀምራል። ለኢፍጣር የሚያዋጣ፣ ልጁን ለቂርኣት የሚያስመዘግብ፣ ዘካተል ፊጥር የሚቀበል፣ መልእክት በኢሜይል እንዲደርሰው የሚፈልግ ሁሉ ስሙንና ስልኩን ይጽፋል። ሥራው ኸይር ነው፤ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን ደብተሩ ከመዞሩ በፊት አንድ ጥያቄ ላንሳ፤ ከሞላ በኋላ የት ይቀመጣል? በማንስ እጅ?

ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ባለፈው ረመዳን እዚሁ መልካሳ በማስተምርበት መድረሳ ከዐስር ሶላት በኋላ ደብተር አዞርኩ። የ43 ወላጆች ስም፣ ስልክና ኢሜይል ተሞላ። በማግስቱ አዳማ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና የትምህርቱን ፕሮግራም ላክሁላቸው። አርባ ሦስቱንም አድራሻ የተቀባይ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ደርድሬ በአንድ ጊዜ ሰደድኩት። ሥራ ያቀለልኩ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተመለስኩ። ያደረግሁት ግን የእያንዳንዱን ወላጅ አድራሻ ለሌሎቹ 42 ሰዎች ማደል ነበር። ከእነሱ አንዱ መልእክቱን ለዘመዱ ሲያስተላልፍ አድራሻዎቹም አብረው ሄዱ።

ወር ሳይሞላ የማያውቁት ሰው መልእክት የማይደርሰው ወላጅ ጠፋ። «ሎተሪ ደርሶዎታል»፣ «ይህን ዕቃ ይግዙ»፣ «ይህን ይጫኑ» ይላል። ቀጥሎ የባሰው መጣ። የአንድ ወንድማችን ኢሜይል በሌላ ሰው እጅ ገባና በእሱ ስም ለሁላችን ፋይል የተያያዘበት መልእክት ተላከ፤ ርዕሱ ስለ ኮሚቴዎቻችን ነበር። የሚያውቁት ወንድም ስም ስላለበት የከፈቱት ነበሩ። ሁለቱ በማግስቱ ኢሜይላቸውን ለመክፈት ቢሞክሩ የይለፍ ቃላቸው ተቀይሯል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአንድ ተማሪዬ እናት መድረሳው በር ላይ ጠብቃ «ኡስታዝ፣ እኔ አድራሻዬን የሰጠሁት ለእርስዎ ነበር፤ አሁን ግን ስሜን ይሰርዙልኝ» አለችኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የምመልሰው አጣሁ። ስሟን ልሰርዝ ደብተሩን ስፈልግ መስኮት ላይ ተጥሎ አገኘሁት፤ ሁለት ቅጠል ተቀዶለታል። ማን እንደቀደደው እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ይህ ነገር በሌላ ዘመን ቢሆን «የኢንተርኔት ጣጣ ነው» ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። በዛሬው ሁኔታችን ግን አይታለፍም። ኮሚቴዎቻችን በሐምሌ 2004 ታስረው ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ፣ በምርመራ ወቅት የተቀዳ የስልክ ንግግር እንደሚሰማቸውና ከማን ጋር እንደተደዋወሉ እንደሚጠየቁ የተናገሩ መኖራቸውን ጽፏል። ስልክ ቁጥር በዚህ አገር ተራ ነገር አይደለም። ማን ማንን እንደሚያውቅ ይናገራል።

በኢሜይል የሚመጣውም ፋይል እንደዚሁ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2005 ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 አገሮች ውስጥ መቆጣጠሪያ እንዳለው አሳይቷል። ወደ ኢትዮጵያ የሚመራው ፕሮግራም የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ የተሠራ ነበር። እኛ ከዚያ ድርጅት ጋር ምንም ግንኙነት የለንም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። ፎቶ አያለሁ ብሎ የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጽፈውን የሚያነብና ማይክሮፎኑን ሳይቀር የሚከፍት እንግዳ ያስገባል። በየካቲት 2006 ደግሞ ይኸው ተቋም በውጭ አገር ላሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ተመሳሳይ ፋይል እንደተላከላቸው አስታውቋል። ማጥመጃው ምንጊዜም ሰውየው የሚወደው ነገር ነው። ለእኛስ ከኮሚቴዎቻችን ዜና የበለጠ ምን ማጥመጃ ነበር?

አንድ አባት ይህን ሳነሳባቸው «ልጄ፣ ጁሙዓ በአደባባይ የምንጮኸውን ነገር ምን ብለን እንደብቃለን? የምንፈራው ምን አለና ነው?» አሉኝ። ስለ ጥያቄያችን እውነታቸውን ነው። መጅሊሳችንን በየመስጂዳችን ራሳችን እንምረጥ፣ አወሊያ ለሕዝበ ሙስሊሙ ይመለስ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ የታሰሩት ይፈቱ ብለን ነበር። ከዚህ ሌላ በድብቅ የያዝነው አልነበረም። ሰላማዊ ትግላችን ለሁሉም የሚታይ ነበር።

ጥያቄው የሁላችን ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ግን የባለቤቱ ነው። ያ ባለቤት ሥራው እንዳይነካ የሚሰጋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቤተሰቡ ያልሰማለት አዲስ ሰለምቴ፤ ወይም ስልኳ በማያውቁት ወንዶች እንዲደወል የማትፈልግ እህት። ማንም ሰው አደባባይ ለመውጣት ራሱ ይወስናል። እኛ ሳንጠይቀው ስሙን አደባባይ የማውጣት ሐቅ የለንም። ከዘካተል ፊጥር ተቀባዮች ዝርዝር የበለጠ ደግሞ ምን የሚሸፈን አለ? ሰደቃን ለድሃ በስውር መስጠት የተወደደ መሆኑን ለልጆቻችን እያስተማርን፣ የድሆቻችንን ስም ከእነ ስልካቸው መስኮት ላይ እንዴት እንተዋለን?

በዲናችን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ሱረቱ ኑር ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትን ትከለክላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ቤታቸው ሲያጮልቅ ባገኙት ጊዜ አጥብቀው ተቆጥተዋል፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። ኢሜይልም ዛሬ የሰው ቤት ነው፤ አድራሻው በሩ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ሁለት ነገር በአንድነት ይዛለች፤ ወሬ ሲመጣላችሁ አረጋግጡ ትላለች፣ አትሰልሉም ትላለች። ሰላዩን የምንወቅስበት ሱራ ሳናረጋግጥ የምናስተላልፈውን እኛንም ይወቅሰናል።

ልጅ ሳለሁ «የሸይኽ አሕመድ ህልም» የሚባል ወረቀት በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ሲታደል አይቻለሁ። የመዲና መስጂድ ጠባቂ በህልሙ አየው የሚባል፣ አባዝቶ ያደለ እንደሚከብር፣ የናቀ መከራ እንደሚያገኘው የሚያስፈራራ ወረቀት ነው። በሙስሊሙ ዓለም ለብዙ ዘመን ዞሯል፤ ሸይኽ ኢብን ባዝ ውሸት መሆኑን ጽፈው አስጠንቅቀዋል። ያው ወረቀት ዛሬ በስልካችን መጥቷል። «ለ10 ሰው ላክ፣ እስከ ማታ መልካም ዜና ትሰማለህ» ይላል። የሐሰት መልእክት በበዛ ቁጥር እውነተኛው ጥሪ ሳይነበብ ያልፋል፤ ሐሰተኛው ጥሪም እውነተኛ መስሎ ይገባል። ዛሬ ማንም ሰው «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት ውጡ» ብሎ በስማችን ሊልክ እንደሚችል አንርሳ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ደንግጓል። ኮሚቴዎቻችን የተከሰሱበት የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 እንኳ ግንኙነትን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ይህ መብታችን እንዲከበር በሰላማዊ መንገድ እንጠይቃለን። ቴሌን መቆለፍ አንችልም፤ ደብተራችንን መቆለፍ ግን እንችላለን።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን የመስጂድና የመድረሳ ኃላፊዎችን የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የማያስፈልገንን አንመዝግብ፤ ለኢፍጣር መዋጮ ኢሜይል ምን ያደርጋል? ደብተሩን አንድ የታመነ ሰው ይያዘው፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ይቃጠል። ለብዙ ሰው ኢሜይል የምንልክ ከሆነ አድራሻዎቹን «ቢሲሲ» በሚለው ቦታ እንጻፍ፤ ያኔ ተቀባዩ የሌላውን አያይም። የወንድማችንን ቁጥር ለሌላ ከመስጠታችን በፊት ደውለን እናስፈቅድ። ስሜን ሰርዙልኝ ያለን ሰው ለምን ሳንል እንሰርዝ። ያልጠበቅነው ፋይል ሲደርሰን፣ ከወንድማችን ስም ቢመጣም፣ ሳንከፍት ደውለን እንጠይቀው። ኢንተርኔት ቤት የተጠቀመ ሰው ኢሜይሉን ሳይዘጋ አይነሳ።

እኔ አሮጌውን ደብተር አቃጥያለሁ። 43ቱንም ወላጆች እየዞርኩ አውፍ ብያለሁ፤ የተቀደዱት ሁለት ቅጠሎች ግን ከእኔ ኃላፊነት ወጡ አልልም። ያቺ እናት ልጇን ከመድረሳው አላስወጣችም፣ አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮ የልጁን ስም ብቻ መዝግቤያለሁ። ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ጽፌ በልጁ እጅ እልክላታለሁ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።