ከፎርክሊፍቱ በፊት ወለሉ

ይፋግ ለሸክም እንግዳ አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የሚገባባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር የሚጫነው ሩዝ፣ ሽምብራና ሽንኩርት ነው። ኩንታሉ ግን አሁንም ከመጋዘን ወደ መኪና የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ፎርክሊፍት ቢያምረው አይፈረድበትም። ጥያቄው ያዋጣዋል ወይ ነው።

ተቀምጠው የሚነዱት የፕሮፔን ጋዝ ፎርክሊፍት የተለመደ አቅሙ 2.5 ቶን፣ ማለትም 25 ኩንታል ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው የጭነቱ መሐል ከሹካው መነሻ 50 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። ጭነቱ ከዚያ ከራቀ ወይም በጣም ከፍ ካለ አቅሙ ይቀንሳልና 20 ኩንታል ብሎ ማስላት ይበጃል። 15 ኪሎ ግራም ገደማ የሚይዘው ሲሊንደር አንድ ፈረቃ ያህል ያሠራል። መቀየሩም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ባትሪ ግን እስኪሞላ 8 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የፕሮፔን ጭስ እንደ ናፍጣ ጥቀርሻ ባይበዛበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበትና በሩ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ይገድላል።

ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አያበቃም። መሣሪያው ራሱ ወደ 4 ቶን ይመዝናል። የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት አይሸከመውም፤ ስስ ሲሚንቶም ይሰነጠቃል። ለመዞር ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ መተላለፊያ ስለሚፈልግ እህል ይደረደርበት የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል። ጆንያው ፓሌት ላይ ካልተደረደረ ሹካው የሚይዘው የለም። የሚደረድረውም ሰው ነው። ጭነቱ የሚራገፍበት መጋዘን ፎርክሊፍት ከሌለው ደግሞ ፓሌቱ ለተሸካሚው እንቅፋት ከመሆን አያልፍም። ጋዙም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በብር ሲሰሉ እጅግ ከብደዋል።

በእኔ እምነት አንድ ነጋዴ ለብቻው ቢገዛው ማሽኑ ከሚሠራበት የሚቆምበት ሰዓት ይበልጣል። ቋሚ ወጪ የሚቀለው ሥራ ሲበዛ ነው። ስለዚህ ባለ መጋዘኖች አስቀድመው ወለላቸውን ያጠንክሩ፣ ፓሌት ያስለምዱ። ፎርክሊፍቱን ደግሞ የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ወስዶ፣ ከአባላቱ መካከል ሾፌር አሠልጥኖ፣ ለሁሉም መጋዘን በሰዓት ያከራየው።

እንዲህ ከሆነ ማሽኑ የተሸካሚውን ወገብ ያሳርፋል እንጂ እንጀራውን አይነጥቅም። ነጋዴ ለብቻው አምጥቶ ተሸካሚውን ካሰናበተ ግን ማሽኑ በተበላሸ ቀን ጠርቶ የሚያሠራው ሰው ያጣል።