ስንጥቁ ዓይን ውስጥ እስኪገባ ለምን እንጠብቃለን?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ሲረከብ በአፍሪካ ቀዳሚ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሰፋፊ መስኮቶቹና ስለ ነዳጅ ቁጠባው ብዙ ተወራ። ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ብረት ሳይሆን ኮምፖዚት መሆኑ ግን ብዙም አላነጋገረም። እኔ የፍተሻ ሙያተኛ ነኝና ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው።

ኮምፖዚት የምንለው የካርቦን ወይም የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ ተደርቦ የሚጠነክር ነገር ነው። ቀላል ነው፤ ዝገት አያውቀውም። አመሉ ግን ክፉ ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይሰረጉዳል፣ ጉዳቱን ራሱ ያሳያል። ኮምፖዚት ላዩ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ንብርብሩ ይላቀቃል። መቺው ከእጅ ያመለጠ መፍቻ፣ የጭነት መኪና ወይም በረዶ ሊሆን ይችላል። ግሼ፣ ራቤል ተወልጄ ያደግሁ ሰው በረዶን አልንቅም፤ የግሼ ክረምት የደረሰ ገብስ በአንድ ከሰዓት ምንጣፍ ሲያደርገው አይቻለሁ።

ራቤል ገበያ ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ ያንኳኳል። ድምፁ ከጠራ ይገዛል፤ ካልጠራ ጥሎት ይሄዳል። የአውሮፕላን ፈታሽም በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ እንዲሁ ያደርጋል። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2005 ከኩባ ወደ ካናዳ ይበር የነበረ የኤር ትራንሳት ኤርባስ ኤ310 ከኮምፖዚት የተሠራው የጭራ መሪው አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። የተሳፈሩት 271 ሰዎች በተነሱበት ቫራዴሮ በሰላም አረፉ። የካናዳ መርማሪዎች በማየትና በማንኳኳት ላይ የቆመው ፍተሻ እንዲህ ያለውን የውስጥ ጉዳት በጊዜው ለማግኘት በቂ ላይሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ።

የተለመደው አልትራሳውንድ ከማንኳኳት ይሻላል። ሞገድ ልኮ ማሚቶውን ያዳምጣል። ማሚቶ የሚመጣው ግን ክፍተቱ ሞገዱን ለመመለስ ከበቃ ነው። ገና የተጀመረ፣ ፊትና ፊቱ የተጣበቀ ስንጥቅ ሞገዱን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

ኢመስመራዊ አልትራሳውንድ የሚባለው ዘዴ የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ነው። 5 ሜጋኸርዝ ቢላክ፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለበት ቁስ 10 ሜጋኸርዝም ጎላ ብሎ ይሰማል። ሞገዱ ሲጫን የስንጥቁ ሁለት ፊቶች ይገጥማሉ፤ ሲስብ ይላቀቃሉ። በዚህ መግጠምና መላቀቅ የሞገዱ ቅርጽ ይዛባል፤ መዛባቱም በእጥፍ ድግግሞሽ ይገለጣል። ሁለት የተለያዩ ሞገዶች አብረው ሲላኩ ደግሞ የድምራቸውና የልዩነታቸው ድግግሞሽ ይወለዳል።

ዘዴው ጣጣ የለውም አልልም። ማጉያው፣ ሴንሰሩ፣ በሴንሰሩና በቁሱ መካከል የሚቀባው ጄል ሳይቀር የራሳቸውን እጥፍ ድግግሞሽ ይፈጥራሉ። ጤነኛ ቁራጭ አጠገብ አስቀምጦ ያላነጻጸረ ሰው የገዛ መሣሪያውን ጩኸት ስንጥቅ ብሎ ይጽፋል። ዘዴው ዛሬም በአብዛኛው ከምርምር ክፍል ብዙ አልራቀም።

«ታዲያ ለእኛ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። በተቃራኒው፣ ገና ያላለቀ ሙያ ነውና አሁን የጀመረ ብዙም አይቀደምም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሂትሮው ላይ የቆመው የእኛው 787 ከአደጋ ጠቋሚ መሣሪያ ባትሪ በተነሳ እሳት የኋላ ጣሪያው ሲቃጠል፣ ጠግነው ያስነሱት የቦይንግ ባለሙያዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥገና የሚጀምረው ጉዳቱ የት ላይ እንደሚያበቃ በማወቅ ነው። ያንን ዕውቀት ሁልጊዜ ከውጭ መጠበቅ የለብንም።

በአውሮፕላን ላይ የአምራቹ መመሪያ ካጸደቀው ውጪ መሞከር አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ስለዚህ ከምድር እንጀምር። አዳማ አንድና ሁለት ላይ ብቻ 136 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ በሦስት ሦስት ክንፍ ስናሰላው 408 የኮምፖዚት ክንፍ ማለት ነው። ፀሐይ፣ አሸዋና መብረቅ ሳይለያቸው ዓመታት አልፈዋል። ወፍራም የመስታወት ክር ከፍተኛውን ድግግሞሽ ስለሚውጠው እዚያ ላይ ዝቅ ያለ ሞገድ ያስፈልጋል። የትኛው ሞገድ በየትኛው ውፍረት እንደሚሠራ መለየት ራሱ ለተማሪዎቻችን በቂ የምርምር ርዕስ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ከአገልግሎት የወጡ የኮምፖዚት ቁርጥራጮች በየግቢው ከሚከማቹ ለዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡ። ለእኛ ለመንዝና ለግሼ ልጆች ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ተማሪው ቁራጩን ይለካ፤ ክብደት ይጣልበት፤ እንደገና ይለካ፤ በመጨረሻም ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይመልከትና መሣሪያው እውነት መናገሩን ያረጋግጥ። ሞገድ አመንጪና ኦሲሎስኮፕ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዕቃዎች ናቸው። ማጉያና ሴንሰር መጨመር ደግሞ ክንፍ ከተሰበረ በኋላ ክሬንና ባለሙያ ከውጭ ከማስመጣት በእጅጉ ይረክሳል። የጎደለው የንብረቱ ባለቤቶችና መምህራኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚፈርሙት ወረቀት ነው።