የዕቃ አድራሹ ደኅንነት ከመደብሩ ደጃፍ ይጀምራል

የንግድ ሥራ በመግዛትና በመሸጥ ብቻ አይፈጸምም። ከውጭ አገር የመጣው ሸቀጥ ከጉምሩክ ወጥቶ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ዋጋው ተቆርጦ ቢሸጥም፣ ከገዢው እጅ እስኪደርስ ድረስ ነጋዴው የገባው ቃል ገና አልተፈጸመም። ይህን ቃል የሚፈጽምለት በሞተር ብስክሌት ወይም በአነስተኛ የጭነት መኪና ጥቅሉን ይዞ ከመርካቶ እስከ ቦሌ፣ ከፒያሳ እስከ ቃሊቲ የሚመላለሰው ዕቃ አድራሽ ነው። ሆኖም ስለ ሸቀጡ ደኅንነት ብዙ ሲነገር፣ ሸቀጡን ስለሚያደርሰው ሰው ደኅንነት የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

አደጋ በደረሰ ጊዜ «ሾፌሩ ቸኩሎ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ቸኩሎም ይሆናል፤ ነገር ግን ያስቸኮለው ማን እንደሆነ መመርመር ይገባል። ባለሱቁ ለደንበኛው በስልክ «በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርስዎታል» ብሎ ቃል ይገባል እንበል። ዕቃው ከመደርደሪያ ወርዶ እስኪታሸግ፣ የማስረከቢያውም ወረቀት ተጽፎ እስኪፈረም ሃያው ደቂቃ ያልፋል። አድራሹ ከደጃፍ ሲነሣ የተረፈው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ክፍያው በምልልስ ቁጥር የሚታሰብ፣ ዘግይቶ ሲደርስም የሚቆረጥበት ከሆነ፣ የመኪናውን ፍጥነት የወሰነው በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን በባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰው ነው።

ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ የችኮላን ትርፍና ኪሳራ ቢያሰላ መልካም ነው። 12 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 18 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ60 ሲነዳ 12 ደቂቃ። ትርፉ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ያውም መብራትና መጨናነቅ ባይኖር። በዚሁ ልዩነት ግን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በ40 የሚነዳ ሾፌር እንኳ «የት ደረስህ?» ተብሎ ሲደወልለት ሦስት ሰኮንድ ያህል ዓይኑን ወደ ስልኩ ቢመልስ፣ መንገዱን ሳያይ 33 ሜትር ይጓዛል። ሕፃን መንገድ ለመሻገር ይህን ያህል ቦታ አያስፈልገውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ከመደብሩ የሚጠበቁት ነገሮች ብዙ ወጪ የሌለባቸው ናቸው። አንደኛ፣ ለደንበኛው የሚሰጠው ሰዓት ዕቃው ታሽጎ ከደጃፍ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ይቈጠር፤ የተነሣበትም ሰዓት በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አድራሹ በጉዞ ላይ ሳለ አይደወልለት፤ አስፈላጊ ሲሆንም ዳር ይዞ ከቆመ በኋላ ራሱ ይደውል። ሦስተኛ፣ ጭነቱ በልክ ይሁን፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ከነጂው ትከሻ በላይ የተቆለለ ካርቶን በቁልቁለትና በመታጠፊያ ሚዛን ያሳጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል፤ አስፋልቱም ይበልጥ የሚያንሸራትተው ዝናቡ በጀመረበት ሰዓት፣ አቧራውና ዘይቱ ገና ሳይታጠብ ነው። አራተኛ፣ ሾፌሩ በጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳት ወርዶ ያሳየው። አምስተኛ፣ አድራሹ የብዙ ደንበኞችን ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ አምሽቶ እንዳይመለስ፣ ሒሳቡ በባንክ ወይም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ይከፈል። ገንዘብ እንደማይዝ የታወቀ ሰው የወንበዴ ዒላማ መሆኑ ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ለሞተረኛው ጥሩ ሄልሜት ይገዛለት። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል 42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የመጎዳትን ዕድል 69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ለመስተዋት ዕቃ ገለባና ስፖንጅ የሚገዛ ነጋዴ ለሰው ራስ ሊሳሳ አይገባውም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳም ያዝዛል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሲጎዳም «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ማለት ብቻውን አሠሪውን ከኃላፊነት አያድነውም።

አንዳንድ ነጋዴዎች «አድራሹ በኮንትራት የመጣ እንጂ የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ይላሉ። ኮንትራቱ በወረቀት ላይ ኃላፊነትን ያዛውር ይሆናል፤ ሰዓቱን የሰጠው፣ ጭነቱን የጫነው ግን ያው መደብሩ ነው። ሌሎችም «ገበያው የለመደው ፍጥነት ነው፤ ብንዘገይ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል» ይላሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ አንድ መደብር ብቻውን ቢታገሥ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ የሚነግዱ ባለሱቆች ተመካክረው የማድረሻ ሰዓታቸውን በልክ ቢወስኑ የሚሸሽ ደንበኛ አይኖርም። ልማድም የማይለወጥ ነገር አይደለም፤ በ1956 ዓ.ም. የአገሪቱ ሾፌር ሁሉ በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። ያ የተቻለው ሁሉም በአንድነት ስለ ተዛወረ ነው።

የዘገየ ዕቃ ይቅርታ ተጠይቆበት ይታለፋል፤ የጠፋም ዕቃ በኢንሹራንስ ይተካል። ማታ ልጆቹ በር በሩን የሚያዩለት አባት ግን በየትኛውም መጋዘን ምትክ የለውም። እንግዲህ ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ጥቅል ከመደብሩ ሲወጣ፣ ባለመደብሩ ከዕቃው ማሸጊያ አስቀድሞ የአድራሹን ሄልሜትና የተሰጠውን ሰዓት ይመልከት።