መንገድ የዘጋ በጓሮ የሚያልፈውን አይውቀስ!

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉብን «ቪፒኤን አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታችን ሆኖ ነበር። አምስት ወር ያህል፣ እስከ ሐምሌ፣ የአዲስ አበባ ሰው በጓሮ በር እየገባ አነበበ። እኔም ዜና የምለቃቅመው በዚያው በር ነበር። ሰውዬው ኦሎምፒያ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ስልኩ ግን ሆላንድ ነው!

ለመሆኑ ይህ የጓሮ በር ምንድነው? ቪፒኤን ከስልክዎ የሚወጣውን ሁሉ በምስጢር ቆልፎ ውጭ አገር ላለ ሰርቨር ያደርሳል። ሰርቨሩ በእርስዎ ፈንታ ገጹን ጠይቆ መልሱን ይልክልዎታል። ቴሌ ከአንድ የሩቅ ሰርቨር ጋር መገናኘትዎን ያያል እንጂ ምን እንደከፈቱ አያይም።

ታዲያ ምስጢሩ የት ገባ? የሰርቨሩ ባለቤት እጅ! የትኛውን ገጽ መቼ እንደከፈቱ አሁን የሚያየው እሱ ነው። በነፃ የሚያድል ነጋዴ ደግሞ ወጪውን ከአንድ ቦታ ማውጣቱ አይቀርም። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት፤ ጭነቱን ሁሉ በጓሮ አታሳልፉ። ብዙዎቹ ቪፒኤኖች ሴቲንጋቸው ውስጥ የትኛው አፕ በእነሱ በኩል እንዲያልፍ፣ የትኛው በቀጥታ እንዲሄድ ያስመርጣሉ። የተዘጋው ብቻ በጓሮ ይለፍ። ባንክና ቴሌብር በፊት ለፊት በር ይሂዱ። የባንክ አፕ ደንበኛው በአንድ ጀምበር ሆላንድ ሲገባበት ሌባ መስሎት በሩን ሊዘጋ ይችላል።

ግን ጎበዝ፣ ይህ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም! ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በትግራይ፣ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቪፒኤን ምን ፈየደ? መንገዱ ራሱ ከሌለ አቋራጭ ከየት ይመጣል?

አመሉም የዛሬ አይደለም። በ1998 የተቃዋሚ ብሎጎች ተዘጉ። በ2004 ማንነትን የሚሸሽገው ቶር ታገደ። ባለሥልጣን ተለወጠ፣ ቁልፉ ግን እጅ በእጅ ተላለፈ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብት ይሰጠናል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል መልእክታችንን ይጠብቃል። መዝጋት የግድ ነው የሚል ካለ በየትኛው ሕግ፣ በማን ትእዛዝ፣ እስከ መቼ እንደሆነ በአደባባይ ይንገረን። እኛም ፍርድ ቤት ቆመን እንከራከር። ዜጋን የማያውቀው ባዕድ ሰርቨር ጥገኛ ያደረገው ቪፒኤን የጫነው ወጣት አይደለም፤ በሩን በዝምታ የዘጋው ነው!