ላብ ጉንፋንን አያወጣም

በየሜዳው እንደ ሕግ የሚሠራበት አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ጉንፋን እኮ ነው፤ ሮጥ ሮጥ በልበትና በላብ ይውጣልህ» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። አሠልጣኝ ለተጫዋቹ፣ አምበል ለጓደኛው፣ አባት ለልጁ በቅን ልቡና የሚሰጠው ምክር ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ፣ ከጉደር እስከ ጀልዱ ኳስ የሚጫወትና የሚሮጥ ወጣት ሁሉ ሰምቶታል፤ በአምቦ ያለን ተማሪዎችም በልምምድ ሰዓት እንሰማዋለን። እኔ በበኩሌ ይህ ምክር ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም በስብከት ብቻ ሳይሆን ማኅበራችን በሚያወጣው ደንብ የሚቃና መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ጉንፋንን፣ ኢንፍሉዌንዛን፣ እንዲሁም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረውን ኮሮናን የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። ቫይረስ በአፍንጫና በጉሮሮ ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ተሸንፎ ይቀራል። አንዳንዴ ግን በደም ተጉዞ ልብ ድረስ ይዘልቅና የልብን ጡንቻ ያስቆጣል። ሐኪሞች ይህን የልብ ጡንቻ ብግነት ይሉታል። ልብ የሚመታው በጡንቻው ውስጥ በሚተላለፍ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ የተቆጣው ሥፍራ ያን መተላለፊያ ያዛባዋል። ሰውየው ተኝቶ ሲያርፍ ምንም ላይሰማው ይችላል። ልቡ በሩጫ ሲጣደፍ ግን ምቱ ተዛብቶ በድንገት ሊቆም ይችላል።

ላብስ? ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው እንጂ የበሽታ መውጫ በር አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ኮክሳኪ የተባለ ቫይረስ የተሰጣቸውን አይጦች በውሃ ውስጥ በግድ አዋኝቶ ነበር። በዋኙት አይጦች ልብ ውስጥ ቫይረሱ ካረፉት ይልቅ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ቢሆንም ድካም ቫይረሱን ያባርራል የሚለው እምነት ተገልብጦ መገኘቱን ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ስል አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። እውነቱን በልኩ መናገር ስለሚገባ ቍጥሩን እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኦሃዮ የወጣ ጥናት ኮሮና ይዟቸው ከነበሩ 26 ስፖርተኛ ተማሪዎች በ4ቱ ልብ ላይ ብግነት የሚመስል ምልክት በኤምአርአይ መታየቱን ገለጸ። ወሬው ብዙ ሰው አስደነገጠ። በዚያው ዓመት ከ42 የአሜሪካ ኮሌጆች የተሰበሰበ መዝገብ ሲወጣ ግን ቫይረሱ ከተገኘባቸው 3,018 ስፖርተኛ ተማሪዎች መካከል ልባቸው ተነክቷል ወይም ሳይነካ አይቀርም የተባሉት 21 ብቻ ሆኑ። ይህም ከሺህ 7 መሆኑ ነው። እንግዲህ አደጋው ጥቂቶችን የሚነካ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ማን እንደ ሆነ በዐይን አይታወቅም። እነዚያ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን በየመሣሪያው ለመመርመር ቻሉ። በየጤና ጣቢያችን ግን ኤምአርአይ የለም። መሣሪያ የሌለው ሰው ያለው ትልቁ መከላከያ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ልብ በሜዳ ላይ ሲከዳ ነገሩ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ አገራችን ታውቃለች። በ1995 ዓ.ም. በካናዳ በተደረገው የዓለም ታዳጊዎች ውድድር በ1,500 ሜትር ያሸነፈችው ዓለም ተቻለ፣ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቷ ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ዐረፈች፤ ምክንያቱ የልብ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የእርሷን ሞት ከጉንፋን ጋር አላያይዘውም። የማስታውሳት ወጣትነትና ጥንካሬ ለልብ ዋስትና አለመሆናቸውን ለማሳየት ብቻ ነው።

ስለ ሳንባም ጥቂት ልበል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ወደ ጀልዱ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ለምዶ ይጠነክርበታል፤ ቍጣው ያልለቀቀው ሳንባ ግን በዚያው አየር ይጨነቃል። ከቫይረስ በኋላ የትንፋሽ ቧንቧ ለሳምንታት ሊቆጣ ስለሚችል የማለዳው ብርድ ሳል ይቀሰቅሳል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ሳል 2 ሳምንት ከሞላው «የጉንፋን ትራፊ ነው» ማለት ቀርቶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ደግሞም ትኩሳት ያለበት የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ቫይረስ አይደለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣው ቶንሲል በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች እስከ ዕድሜ ልክ ሊያበላሽ ይችላል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የዳረገው ይኸው ነው።

«ታዲያ አበበ ቢቂላስ?» የሚል ይኖራል። አበበ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ታሪክ ኩራታችን ነው፤ ነገር ግን ለታመመ ልጅ «አንተስ ምን ሆነህ?» ለማለት ሲጠቀስ ያለ ቦታው ይገባል። የትርፍ አንጀት ሕመም በቢላዋ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቍስል የት እንዳለ፣ መቼም እንደሚድን ሐኪሙ ያያል። በልብ ጡንቻ ውስጥ የገባ ቫይረስ ግን አይታይም። ደግሞም አበበ የተመለሰው በሐኪምና በአሠልጣኙ በኒስካነን ዐይን ሥር ነው እንጂ ሕመሙን ደብቆ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ እርሱም መደበቅ ነው። ስፖርተኛ ሕመሙን የሚደብቀው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ቦታውን እንዳያጣ ስለሚፈራ ነው። ፈይሳ ሌሊሳ ከጀልዱ ወረዳ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን የብር ሜዳልያ ሲያገኝ፣ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ሁሉ ሩጫ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ አይቷል። ለአንዱ የክለብ ምርጫ፣ ለሌላው ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብ፣ ለሦስተኛው በጓደኞቹ ፊት ያለው ክብር በአንድ ግጥሚያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። እንዲህ ላለው ልጅ «ዕረፍ» ማለት ቀላል ነው፤ እርሱ ግን «ዕረፍ» ሲሉት «ቅር» የተባለ መስሎ ይሰማዋል። ስለዚህ ትኩሳቱን በክኒን አብርዶ ይሰለፋል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነውን? ወይስ ታሞ ለሚያርፍ ሰው ቦታ ያላዘጋጀንለት የእኛም ጭምር?

በጥር 2014 ዓ.ም. የባየርን ሙኒኩ ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስ ኮሮና ከያዘው በኋላ በምርመራ ቀላል የልብ ብግነት ተገኘበት። ክለቡ ከሜዳ አውጥቶ ሦስት ወር ያህል አሳረፈው፤ ሲሻለውም ወደ ቡድኑ መለሰው። ልጁ ባለማዕርግ ስለ ሆነ ብቻ ነው የምንል ከሆነ፣ የእኛው ልጅ ልብ የሚረክስበትን ምክንያት ማስረዳት ይኖርብናል።

ስለዚህ ማኅበራችን ከስፖርት መምህራን ጋር ተማክሮ የሚከተለውን ደንብ እንዲያወጣ አሳስባለሁ፤

አንደኛ፤ ትኩሳት፣ የሰውነት መቈረጣጠም፣ ከደረት የሚነሣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ተጫዋች ሕመሙ ፈጽሞ እስኪለቀው ድረስ ከልምምድም ከግጥሚያም ይቅር። አፍንጫው ብቻ የሚያፈስስ ቢሆን ቀላል እንቅስቃሴ ሊፈቀድለት ይችላል።

ሁለተኛ፤ የተሻለው ሰው በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ሩጫ አይመለስ። በእርምጃ ይጀምር፤ ቀጥሎ ወሬ እያወራ ሊሮጠው የሚችለውን ሶምሶማ፣ ከዚያም ከበድ ያለውን፣ በመጨረሻ ግጥሚያውን ያድርግ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ያገለግላል።

ሦስተኛ፤ ሲሮጥ ደረቱን የወጋው፣ ልቡ የተዛባበት፣ ከወትሮው ይልቅ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ሆስፒታል ይላክ። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ ያወጣው መመሪያ እንዲህ ላለው ሰው ሦስት ምርመራ ያዝዛል፤ ኢሲጂ፣ ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ፣ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ኢኮ። ብግነት ከተገኘበትም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ከውድድር ያርፋል። ወድቆ የማይነቃና የማይተነፍስ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ውሃ ማፍሰስ አይረዳውም፤ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። ይህን እያንዳንዱ ቡድን ይማር።

አራተኛ፤ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ታሞ ያረፈ ተጫዋች ቦታው ይጠበቅለት። ከቡድኑ ዝርዝር አይሰረዝ፤ ሲሻለው ሌላው የሚፈተነውን ያህል ተፈትኖ ይግባ። ስለ ሕመሙም የመወሰን ሥልጣን የሐኪም እንጂ የአምበሉ ወይም የደጋፊው አይሁን።

«በዚህ ደንብ ሰነፍ ሁሉ ታምሜአለሁ ይላል» የሚሉ እንዳሉ ዐውቃለሁ። ይሁን፤ አንድ ሰነፍ አንድ ሳምንት ቢያርፍ ቡድኑ የሚያጣው አንድ ግጥሚያ ነው። አንድ ታማሚ ደብቆ ቢሮጥ ግን ወላጆቹ ልጃቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ዳማ ከሴውንም፣ ትኩስ ሻዩንም፣ የእናትን ምክርም የሚከለክል የለም፤ «ውጣና ሮጥበት» የሚለውን ብቻ እንተው። አራተኛው አንቀጽ ካልጸደቀ የቀሩት ሦስቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራሉ፤ ቦታው እንደሚጠበቅለት ያወቀ ልጅ ብቻ ነውና «አሞኛል» ብሎ እውነቱን የሚናገረው። የውድድሩ ወቅት ከመድረሱ በፊት ጉዳዩ በስብሰባ ቀርቦ እንዲመከርበት እጠይቃለሁ።