የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራና የመዝጋቢው አደራ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነኝ። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ፥ «መምህር፥ መሣሪያው ልጁ የማን እንደ ሆነ በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ፥ ይልቁንም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ብትሰሙት ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

መሣሪያው አባትን አያውቅም፤ ርዝመትን ብቻ ይለካል። ከደም ወይም ከምራቅ የወጣው ዲ.ኤን.ኤ. በተመረጡ ስፍራዎች ይባዛል፤ ቅጂዎቹም በሚያበራ ቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚያም እንደ ፀጉር በቀጠነና ወፍራም ፈሳሽ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ይገባሉ። ዲ.ኤን.ኤ. አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፥ ብዙ ሺህ ቮልት ሲለቀቅበት ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይሮጣል፤ አጭሩ ይቀድማል፥ ረጅሙ ይዘገያል። በመድረሻው አጠገብ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበት ኮምፒዩተር ጊዜውን ይመዘግባል። ይህ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል። ልጅ በእያንዳንዱ ስፍራ አንዱን ርዝመት ከእናቱ፥ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳልና ማመሳከር የሚቻለው በዚህ ነው።

«መሣሪያ አይዋሽም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም የማን መሆኑን አያውቅም። በእንግላንድ አገር፥ በሌስተርሺር፥ በ1983 እና በ1986 እ.ኤ.አ. ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንደኛዋን ገድያለሁ ብሎ ያመነ የ17 ዓመት ወጣት በአሌክ ጄፍሪስ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ንጹሕነቱ ታወቀና ተለቀቀ። ያን ጊዜ ምርመራው በቱቦ ሳይሆን በጄል ላይ ይሠራ ነበር። ፖሊስ የአካባቢውን ወንዶች ደም ሲሰበስብ ግን እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በእርሱ ስም ደም አሰጠው። ምርመራው ትክክል ነበር፤ ስሙ ግን ሐሰት ነበር። ነገሩ የተገለጠው ባልደረባው በመጠጥ ቤት ሲያወራ በመሰማቱ ነው። ፒችፎርክም በ1988 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ናሙና የሚቀበል ሠራተኛ መታወቂያውን ከባለቤቱ መልክ ጋር ያመሳክር፤ ብልቃጡን በፊቱ ያሽግ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ቀንና ፊርማ ይኑረው። ውጤቱን የሚጽፈውም፥ በብዙ ስፍራ አለመመሳሰል አባትነትን ሲያፈርስ መመሳሰል ግን በስሌት የሚነገር ግምት መሆኑን በግልጽ ያስረዳ።

በችኮላ የተለጠፈ ስም አንድን ልጅ ያለ አባት ሊያስቀር፥ አንድን ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊያስገባ ይችላል። ይህን ስሕተት እጅግ የረቀቀ መሣሪያ እንኳ አያርመውም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ