ሾፌሩን ከመክሰሳችን በፊት

ሰሞኑን ምግብ ቤት ቁጭ ባልንበት ሁሉ ወላጆች የሚያነሡልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ለልጄ የገዛሁለት ላፕቶፕ ጌም ሲከፍትበት ይንቀራፈፋል፤ ምስሉም ይቆራረጣል። አዲስ ልግዛለት ወይስ ጌሙን ልከልክለው?» ይሉናል። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት በእኔ ቤት የደረሰውን ስሙ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን «አባዬ፣ ላፕቶፑ ጌም አልችል ብሏል» ብሎ መጣ። እኔም ነገሩን ሳላጣራ «ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወትክ አቃጠልከው!» ብዬ ጮህኩበት። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውየው ለአምስት ደቂቃ ያህል ካየው በኋላ «ግራፊክሱ ተበላሽቷል፤ 600 ዶላር ያስፈልጋል» አለን። ያ ገንዘብ ለእናቴ መድኃኒት መግዣ የምልከው ነበር። ላፕቶፑን ይዘን ወጣን፤ እኔና ልጄም ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

ልጁ በበኩሉ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው ብሎ አመነ። ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና ሥዕሉን በሚሠራው የግራፊክስ ቺፕ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው። ስሙም ሾፌር ማለት ነው። ልጁ ሦስት ጊዜ አውጥቶ ሦስት ጊዜ አዲስ ጫነ፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

አንድ ምሽት ከኋላው ቆሜ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። ላፕቶፑ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ባትሪው ግን በጨዋታው መካከል ከ80 ወደ 55 በመቶ ወረደ። ቻርጀሩን ገልብጬ አነበብኩት፤ 65 ዋት ይላል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ዋናው ቻርጀር 180 ዋት ነበር። እሱ ሲሰበር «ከገባለት አይበቃውም እንዴ?» ብዬ ርካሹን የገዛሁት እኔው ራሴ ነኝ። ነዳጅ ለሌለው መኪና ሾፌር ስንቀያይር ከርመን ኖሯል!

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚከተለውን በተራ፣ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የነካካ የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

አንደኛ፤ ኃይል። ቻርጀሩ የራሱ መሆኑንና የዋቱን ቁጥር ተመልከቱ። በባትሪ ብቻ ሲሠራ ላፕቶፑ ጉልበቱን እንደሚቆጥብም እወቁ። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ፓወር ኤንድ ባተሪ» ገብታችሁ «ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ምረጡ።

ሁለተኛ፤ ሙቀት። ጌሙ መጀመሪያ ደህና ሮጦ ከአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚያዘግም ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። ቺፑ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት የአየር መግቢያውን ይዘጋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ቀዳዳዎቹ ላይ ያለውን አቧራ በጣሳ በሚሸጠው የታመቀ አየር አራግፉ።

ሦስተኛ፤ የቺፑ ምርጫ። ብዙ የጌም ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለ ቆጣቢ፣ ሌላው የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ጉልበተኛ። ጌሙ አንዳንዴ በደካማው ላይ ይወድቃል። ጌሙ ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ «ታስክ ማኔጀር» ይመጣል። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር «ጂፒዩ 0» እና «ጂፒዩ 1» ታያላችሁ፤ የሚደክመው የትኛው እንደ ሆነ ተመልከቱ። ደካማው ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ገብታችሁ ለጌሙ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስጡት።

አራተኛ፤ አሁን ወደ ሾፌሩ እንምጣ። ችግሩ የጀመረው ድራይቨሩ በታደሰ ማግሥት ከሆነ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ «ዲቫይስ ማኔጀር»፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ»፣ የቺፑ ስም፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር»፣ ከዚያ «ሮል ባክ ድራይቨር»። በቺፑ ስም ፈንታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኛችሁ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ከላፕቶፑ አምራች ወይም ከቺፑ አምራች ገጽ በነፃ አውርዱ። «ድራይቨሮችህ አርጅተዋል፤ ክፈልና ላድስልህ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አትመኑ።

አዲስ ሁሉ መልካም ነው ማለትም አይደለም። በመጋቢት 2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤንቪዲያ ቁጥሩ 196.75 የሆነውን ድራይቨር ካወጣ በኋላ፣ የማራገቢያውን ፍጥነት በትክክል ባለመቆጣጠሩ ካርዶች ከመጠን በላይ ይሞቃሉ የሚል አቤቱታ ስለ መጣ መልሶ ሰብስቦታል። ሾፌርም አንዳንዴ ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለ ምናልባት ጌሙ ከማሽኑ አቅም በላይ ነው። በጌሙ ውስጥ የጥላውንና የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉ። ጠጋኝ የሚፈለገው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም «ምን አይተህ ነው ተበላሽቷል ያልከው?» ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ትክክለኛውን ቻርጀር በ90 ዶላር ገዛሁ፤ ጌሙም እንደ ቀድሞው ሮጠ። ልጄ «አላልኩህም?» አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ፤ ያ ከስድብ ይብሳል። እኛ ባደግንበት ቤት አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየንም። እኔ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኩት። እሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ «እሺ አባዬ፣ ና አንድ ዙር ላስተምርህ» አለኝ። ክፉኛ ተሸነፍኩ።

ለሚቀጥለው እትም ጥያቄያችሁን በምግብ ቤቱ ባለው ሣጥናችን አስቀምጡልን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።